የወንድሜ አጥንት በእኔ ስም

ፌብሯሪ 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ዶክተር ቱሂ ናት። «በየቀኑ የምትበላውን ጻፍበት» ብላ። እሺ። ዛሬ የበላሁት፦ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ ብርቱካን፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ተጻፈ። ገጹ ግን ገና ባዶ ነው፤ ከሚባክን ሌላ ሌላውን ልጻፍበት።

ዶክተር ቱሂ የጋላቢዎች ሐኪም ናት። እሷ ካልፈረመች በአየርላንድ ምድር ማንም ፈረስ ላይ ወጥቶ አይወዳደርም። በዚህ ክረምት ሦስቴ ወድቄ ሦስቴ ተሰብሬያለሁ፤ ቀኝ ትከሻ፣ የእጅ አንጓ፣ ግራ ትከሻ። ሦስተኛው እንኳ መውደቅ አይባልም። ባዝራዋ መሰናክሉ ፊት ቀጥ ብላ ስትቆም በአንገቷ ተንሸራትቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ቀጭ አለ። «አንተ እንደ ድመት ወድቀህ እንደ ብርጭቆ ነው የምትሰበረው» አለችኝ ዶክተሯ። ደብሊን ሄጄ የአጥንቴ ጥግግት በማሽን እንዲለካ አዘዘች። ለሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ከተቀመጠው መስመር በታች ከሆንኩ ዘንድሮ ግልቢያ የለም።

ዘንድሮ ደግሞ በፋሲካ ሰኞው ትልቅ ውድድር ላይ «የቄሱ ምሳ»ን እንድጋልብ ስካሊ ቃል ገብቶልኛል። ስካሊ የምሠራበት ጋጣ አለቃ ነው። «የቄሱ ምሳ» ፈረስ ነው። ስሙን ያወጡለት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ስለ እነሱ ቀልድ እኔ አልጠየቅም።

ፌብሯሪ 6፣ ሐሙስ

ሎርካን የወጥ ቤቱን ሚዛን ደብቋል። እኔ ለዶሮ ሥጋዬ፣ እሱ ለፓስታው፣ ሁልጊዜ እንደተጣላንበት ነው።

ሎርካን ታላቄ ነው፤ ግን ትልቅነቱን እንዳታጋንኑት። በአንድ ዓመት ጃንዋሪ ላይ እሱ፣ ዲሴምበር ላይ እኔ ተወለድን። ፊታችን አንድ ነው፤ ቁመታችን የጣት ያህል ይለያያል። እኔ ፈረስ ስጋልብ እሱ ብስክሌት ይጋልባል። ላሞቹን አልቦ እንደጨረሰ ዝናብ ይሁን በረዶ ኮረብታውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በር ላይ ያለውን ጋዜጣ ለማምጣት እንኳ በብስክሌት ነው የሚሄደው። በፋሲካ ሳምንት በምዕራቡ ተራራዎች ላይ ለሚደረገው የስምንት ቀን ውድድር ክለቡ መርጦታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አትንኩኝ ባይ ሆኗል።

«ሁለት ወንድ ወልጄ አንድ ድንች የሚጨርስልኝ አጣሁ» አለች እማዬ እራት ላይ።

«ውፍረት በዘራችን የለም» አላት ሎርካን።

«በዘራችን ያለውንማ እኔ አውቃለሁ። አባቴ ቅዳሴ ላይ አስነጥሶ ነው ጎድኑን የሰበረው።» ሳቅን። ቀና ብላ ሳህኖቹን ልታነሳ ስትል ቀና ማለቱ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ላም ማለብ ነው ያጎበጠኝ ትላለች።

ፌብሯሪ 9፣ እሑድ

ትናንት ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሬ ተዘፍዝፌ ዋልኩ። ላብ በላብ። ስነሳ ግድግዳው ዞረብኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ይህ የተለመደ ነው።

ስለ ማሽኑ ሳስብ ከረምኩ። በእኛ ሙያ ሚዛንን ያላታለለ ጋላቢ የለም። እንደ ወረቀት የሳሳች ጫማ አለች፤ ሚዛን ላይ የምንወጣው በእሷ ነው፤ ከተመዘንን በኋላ በእውነተኛው ጫማ እንቀይራታለን። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ታዲያ ጫማ የሚቀየር ከሆነ እግሩስ ለምን አይቀየርም? እግር ከተቀየረ ደግሞ ወገቡም ዳሌውም አብረው ይሄዳሉ።

ሰይጣን ጎበዝ ነው። ወይ እኔ ነኝ።

ፌብሯሪ 11፣ ማክሰኞ

ሎርካንን በረት ውስጥ አገኘሁት።

«ደብሊን ሄደህ ተኝተህ ትመጣለህ፤ ሌላ ምንም የለውም» አልኩት። «የማሽኗ ሰዎች መልኬን አያውቁም። ውጤቱን ብቻ ነው ለቱሂ የሚልኩት።»

«የእኔን አጥንት በአንተ ስም?»

«አንተ በቀን ሁለት ሊትር ወተት የምትጠጣ ሰው ነህ። ልብህ እንደ ሞተር ነው። አንድ ቀን አበድረኝ።»

ላሟን አቅፎ ሳቀ። «እንደምትቀናብኝ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ከአንተ የተሻለ የለም በለኛ።»

«ከአንተ የተሻለ የለም።»

«እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት ላሞቹን አንተ ታልባለህ።»

ተስማማን። ዛሬ የበላሁት፦ እንቁላል። ኩራቴንም።

ፌብሯሪ 18፣ ማክሰኞ

ሄዶ መጣ። በመጀመሪያው ጥያቄ ሊያስይዘን ነበር። የተወለድክበት ቀን ሲባል ጃንዋሪ ይላል የእኔ ደደብ።

«እዚህ ዲሴምበር ነው የሚለው» ብላዋለች ሴትዮዋ።

«እናቴም ራሷ ትጠራጠራለች» አላት። የእማዬን ስም አጠፋ።

ይባስ ብሎ ሱሪውን ሲያወልቅ እግሩ የተላጨ ነው፤ ብስክሌተኛ አይደል። ሴትዮዋ ገርሟት፦ «ፈረስ ጋላቢዎችም እግራቸውን ይላጫሉ እንዴ?»

«ፈረሱን ጸጉሩ እየኮረኮረው ሲያስቸግረኝ ነው።»

ይህን ሲነግረኝ የወተት ባልዲው ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሲመሰክርልኝ እንዲህ ያለ ምስክር ይስጠኝ። አለቀ፣ ተሻገርን።

ፌብሯሪ 24፣ ሰኞ

ቱሂ ደወለች። ወድቄያለሁ። «ከመስመሩ በጣም በታች። በተለይ ወገብህ።» እስከ ሌላ ትዕዛዝ ኮርቻ ላይ እንዳልወጣ። ስካሊ ሰምቷል። ጉድ ፈላ።

ያው ቀን፣ ማታ

መጀመሪያ የተናደድኩት በሎርካን ነው። ሰው ምን ዓይነት አጥንት ቢኖረው ነው ለአንድ ቀን እንኳ አውሶ የማያሳልፈኝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ እኔ ነኝ ያቺ።

«የሰባ ዓመት ሽማግሌ ወገብ ነው ያለህ» ነው ያለችኝ ዶክተሯ። ድምጿ ለስላሳ ነበር። እኔም አመሰገንኳት፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ለፈረሶቹ ሣር ሰጠሁ፣ ስካሊ እስኪጨርስ ሲሰድበኝ ቆምኩ። እቤት ስገባ ሎርካን ብስክሌቱን ቁልቁል አስፈንጥሮ ግቢ ሲገባ አየሁት። እጁን ከመሪው ለቆ ነበር። ኮረብታውን እንዲያ ነው የሚወርደው፤ ሁልጊዜም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የተናደድኩበት ወገብ እዚያ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ የበላሁትን አላስታውስም።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

የደም ምርመራዬን ውጤት ልሰማ ቱሂ ዘንድ ሄድኩ። በነገር አዋዝቼ ጠየቅኳት።

«ዶክተር፣ ለምሳሌ አንድ ወጣት አለ እንበል። ወተት ይጠጣል፣ አያጨስም፣ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ይሠራል። እንዴት አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል?»

«ምን ስፖርት?»

«ለምሳሌ... ብስክሌት።»

«ብስክሌት ልብን ይጠቅማል፤ አጥንትን አያስቸግርም። ችግሩም እሱ ነው። አጥንት ሰነፍ ነው፣ ፊንታን። መሬት ካልመታው፣ ሸክም ካልጫኑበት አይሠራም። ከግማሽ የሚበልጠው ከእናት ከአባት ይመጣል፤ የቀረውን እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ራስህ ትገነባለህ። በዘርህ የሳሳ ካለና ኮርቻ ላይ ተቀምጠህ፣ በዚያ ላይ ተርበህ ካደግክ፣ ወተቱ ብቻውን ምን ያድርግ?» አተኩራ አየችኝ። «ስለ አንተ ነው አይደል የምናወራው?»

«ስለ እኔ ነው።»

ከዚያ ምን አለች? የደሜ ውጤት ከወገቤ ጋር አልገጠመላትም። የማሽን ስህተት እንዳይሆን ከፋሲካ በፊት እንደገና እለካለሁ። መስመሩን ካለፍኩ ትፈርማለች።

እንግዲህ በር ተከፈተ። ዝም ብዬ ራሴ ሄጄ መለካት ነው።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ፓንኬክ የሚበላበት ቀን ነው። እማዬ ቁልል ሙሉ ጋግራ «አንተስ ለጾሙ ምን ትተዋለህ? የቀረህ ነገር አለ?» አለችኝ። ሎርካን አንዷን መዝኖ በላ።

እማዬ ስትወጣ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ወገቡን፣ ሰባ ዓመቱን።

«ማሽኗ ተበላሽታ ነው» አለ።

«ሂድና በራስህ ስም ተለካ።»

«ከውድድሩ በፊት? ክለቡ ቢሰማ እንዲያስወጣኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገባኝ። አንተ ስለታገድክ እኔም አጠገብህ እንድቀመጥልህ ነው። ከልጅነትህም እንዲሁ ነህ። ያንተ ኳስ ከፈነዳች የእኔ ሳትፈነዳ አታድርም።»

ኳሱን በተመለከተ እውነቱን ነው። በዚህኛው ግን አይደለም። ወሬ ማጣፈጥ ያበዛ ሰው እውነት ሲናገር የሚያምነው ያጣል። በጥፊ ልለው ከጀለኝ፤ ደግሞም ራሴን።

ማርች 9፣ እሑድ

በቃል አልሆን ሲል በእጅ ሞከርኩ።

ረቡዕ የብስክሌቱን ኮርቻ ነቅዬ ድርቆሽ ውስጥ ቀበርኩት። አገኘው። ዓርብ ሁለቱንም ጎማ አስተነፈስኩ። ነፋው። ትናንት ብስክሌቱን እንዳለ ዶሮ ቤት ቆለፍኩበት። ዛሬ ጠዋት የግልቢያ ጫማዬን ሳጠልቅ ውስጡ የላም እበት ነበር፤ ትኩስ።

«ሁለታችሁም ዕድሜያችሁ ስንት ነው?» አለች እማዬ።

«የእሱ ሰባ» አልኳት። ሎርካን አልሳቀም።

ማርች 17፣ ሰኞ

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል። ሎርካን ከክለቡ ልጆች ጋር በከተማው መሐል በሰልፍ ሊያልፍ ነው። እማዬ አረንጓዴ ሻርፗን አድርጋ በሩ ላይ ትጠብቃለች።

ደረጃው ላይ አየሁት። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፤ መሐል ላይ ቆመ። ቀና አለ። እግሩን ከፍ ካለው ደረጃ ላይ አስቀምጦ ሞከረ። ያም አልሆነም። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። ፊቱ ነጭ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«የኮርቻው ከፍታ ነው። ሰሞኑን ዝቅ አድርጌው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩለት። አንድም ስድብ ሳይሰድበኝ ቀረ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሰልፉ ላይ እየሳቀ አለፈ። እማዬ አጨበጨበች።

ማርች 18

ሌላ የማስበው ነገር የለም። የሚቀጥለው ሳምንት ምርመራ፤ ዝም ካልኩ ኮርቻው አለ። ጠዋት ስካሊ «የቄሱ ምሳ»ን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ሲያስጋልበው አየሁ። ልጁ ልጓሙን ይጎትታል። አፉ ስስ የሆነ፣ በትንሽ ጉተታ የሚታዘዝ ፈረስ እንደዚያ አይያዝም።

ማርች 19

ሎርካን ለእናታችን «ነገ ረጅሙን ኮረብታ ነው የምወጣው» አላት። መውጣቱስ ምን አለ፤ የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ዶክተር ቱሂ ዘንድ ሳልጠራ ሄድኩ። ሳንድዊች እየበላች ነበር።

«ዶክተር፣ ያ የተለካው ወገብ የእኔ አይደለም።»

ቀና አለች። «የማን ነው?»

«የሎርካን። የወንድሜ ነው።»

«ምን ይሠራል ወንድምህ?»

«ብስክሌተኛ ነው።»

ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «እግሩን የሚላጨው እሱ ነዋ። የማሽኗ ባለሙያ ስትነግረኝ የዘመኑ ወጣቶች ፋሽን መስሎኝ ነበር።» የምትስቅ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልሳቀችም። «ይህን ለበላይ ሳላሳውቅ መቅረት አልችልም። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ራስህ መጥተህ ብትለካ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እሱንም አስቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጫማውን ማሰር አቅቶታል።»

ስልኩን አንስታ ለነገ ቀጠሮ ያዘች፤ ለሁለታችንም። «አምጣው» አለች።

«እኔን አያምነኝም።»

«እናትህንስ?»

ወጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ስለ ፈረሱ አላለቀስኩም። ዓይኔን ያራሰው በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ነው።

ማርች 21፣ ዓርብ

ለእማዬ ሌሊቱን ሳይሆን ቁርስ ላይ ነገርኳት፤ ሎርካን ባለበት። ስጨርስ የሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ አነሳች። እኔን አንዴ፣ እሱን አንዴ። የሱን ቀስ አድርጋ ነው የመታችው፤ ትከሻው ላይ።

«መኪና ውስጥ ግቡ።»

«እማዬ፣ እኔ ምንም—»

«ሎርካን። ከወንበር ስትነሳ የምታቃስተውን የማልሰማ ይመስልሃል? እኔ እኮ ከአንተ በፊት ነው ማቃሰት የጀመርኩት።»

ደብሊን ድረስ ሁለታችንንም የኋላ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጠችን።

ማርች 28፣ ዓርብ

ውጤቱን ሦስታችንም አንድ ላይ ሰማን።

የሎርካን ያው ነው፤ ማሽኗ አልተበላሸችም። ከዚያም ይብሳል። በራጅ ፎቶው ላይ ከወገቡ አጥንቶች አንዷ በፊት በኩል ጨፍለቅ ብላለች። መቼ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። «ጨርሶ ለመሰበር አንድ ጠንከር ያለ መውደቅ ብቻ ነበር የቀረህ» አለችው ቱሂ። አጥንቱ እስኪድን በእግር መሄድ ብቻ፤ ሲድን ክብደት ማንሳት፣ መዝለል፣ መብላት። ዘንድሮ ብስክሌት የለም። ሎርካን ጣሪያውን አየ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጅ እያለን እንደዚያ ሲያደርግ ሊያለቅስ ነው ብዬ እሮጥ ነበር፤ ለእማዬ ልናገርበት።

«ከእኔ ነው?» አለች እማዬ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«በዘር የመጣ አለ፤ ከማን እንደመጣ ማሽኑ አይነግረንም» አለቻት ዶክተሯ። «የቀረውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ተቀምጦ፣ ሁለቱም ተርበው። እርስዎም ቢለኩ ጥሩ ነው።»

«እኔ ምግቡን አቅርቤያለሁ» አለች እማዬ። እኔም ወለሉን አየሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ቱሂ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው።

«መስመሩን በጥቂት አልፈሃል።»

«አልገባኝም።»

«ቀኑን ሙሉ ባልዲ ትሸከማለህ፣ ድርቆሽ ትወረውራለህ፣ ከፈረስ ላይ እየዘለልክ ትወርዳለህ። አጥንትህ ዱላ ለምዷል። ዝቅተኛ ነው፤ በረሃብህ ምክንያት ነው የምትሰበረው፤ ልትኮራበት አይገባም። ግን በፌብሯሪ ራስህ መጥተህ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እፈርምልህ ነበር።»

ሎርካን ሳቀ። መጀመሪያ አፍኖት ነበር። ከዚያ ወገቡን ይዞ «ውይ፣ ውይ» እያለ ሳቀ፤ እማዬም ሳትወድ ሳቀች። እኔም ምን ላድርግ?

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

የፈረስ ውድድሩ ፈራጆች ፊት ቀረብኩ። ሦስት ከረባት ያደረጉ ሰዎች። አንደኛው «በሰው ገላ መመርመር በታሪካችን አዲስ ነው» አለ። ለስድስት ወር ታገድኩ። ስካሊ በሩ ላይ ጠብቆኝ ባርኔጣዬን ገፍቶ ዓይኔ ላይ ደፋብኝ፤ ከዚያ ወደ ቤት አደረሰኝ።

ኤፕሪል 21፣ የፋሲካ ሰኞ

የበላሁት፦ የበግ ጥብስ፣ ድንች፣ እንደገና ድንች፣ ኬክ። ሚዛኑን እማዬ ለጎረቤት ሰጥታዋለች።

«የቄሱ ምሳ» አሸነፈ። በቴሌቪዥን አየሁት፤ ያ ልጅ ልጓሙን እየጎተተ እንኳ አሸነፈ። ደስ አለኝ ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ደብተሩ የራሴ ነው። ግን ሽልማቱን ሳይሰጡት ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

ስካሊ ከሜዳው ደወለ። ከኋላው ሰው ይዘፍናል።

«አየኸው?»

«አየሁት፣ አለቃ። እንኳን ደስ አለዎት።»

«ዶክተሯ ነገረችኝ። በራስህ አጥንት ሄደህ ቢሆን ዛሬ እዚያ ላይ አንተ ነበርክ፤ አንተ ጅል።»

«ነበርኩ።»

«ይቆጭሃል?»

ወጥ ቤት ሬዲዮው ያወራል፦ በምዕራቡ ተራራ ላይ ዝናብ ነው፣ ከኮረብታው ቁልቁለት ላይ ብስክሌተኞች ተደራርበው ወድቀዋል፣ ሁለቱ በአምቡላንስ ተወስደዋል። በመስኮቱ ደግሞ ሎርካን ይታየኛል፤ ወገቡን በመደገፊያ አስሮ፣ በራሱ እግር፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። ጋዜጣ ሊያመጣ።

«አይ» አልኩት ስካሊን።

ወጥቼ ደረስኩበት። እስከ በሩ አብረን ሄድን፤ እንደ ሁለት ጡረተኞች። ሬዲዮውን እሱም ሰምቷል። ጋዜጣውን እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳሁለት።

«ስማ» አለኝ ስንመለስ። «ሁለተኛ ለማጭበርበር ስታስብ ንገረኝ። እመጣለሁ።»

እንደ ለመድነው ጀርባውን በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ። ከዚያ ፈራሁና እጄን ኪሴ ከተትኩት።